የሰኔው የላውተርብሩነን ጉዞ፦ ረቂቁ እስከ እሁድ ይለቅ (በስዊዘርላንድ ያለው ማኅበራችን ውይይት፤ አባላቱ በየከተማቸው ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ዓላማው ልጆቹ የሚያድጉበትን አገር ተራራና ሸለቆ እንዲያውቁ ነው። ከኢንተርላከን ኦስት 20 ደቂቃ በባቡር ላውተርብሩነን፣ በእግር ሽታውባኽ ፏፏቴ፣ በፖስታ አውቶቡስ ትሩመልባኽ ፏፏቴ፣ ከሰዓት በኬብል ካር ግሩችአልፕ፣ ከዚያ በባቡር ተራራው ላይ ያለው ሙረን መንደር።

ገንዘብ ያዥ፦ ባቡሩ 6 ዓመት ላልሞላው በነጻ ነው። ከ6 እስከ 15 ያለው የ30 ፍራንኩን የዓመት ካርድ ካወጣ ከወላጁ ጋር በነጻ ይሄዳል። ካርዱን ሳያወጣ መጥቶ ካዝናውን የሚጠይቅ እንዳይኖር። የትሩመልባኽ መግቢያ ለብቻው ነው።

የበርኗ፦ ትሩመልባኽ 4 ዓመት ያልሞላው አይገባም፤ ይጻፍ። የአይገር፣ የሞንኽና የዩንግፍራው ተራሮች በረዶ ቀልጦ በዓለቱ ሆድ ውስጥ ነው የሚወርደው፣ በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር። ደረጃው ሁሌም እርጥብ ስለሆነ ክፍት ጫማ አይሆንም። ሕፃናቱን ይዞ ታች የሚቀር ማነው?

የባዝሉ፦ እኔ አለሁ። ቡናው የት ነው የሚፈላው?

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ላይ ቡና የለም።

የዙሪኳ፦ እሱን እያየን ነዋ። አርባ ሰው ሙሉ ቀን ያለ ቡና?

የሎዛኑ፦ ሙረን 1,638 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ውሃ በወጉ አይፈላም።

የበርኗ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቡና ሳይፈላ የቀረው መቼ ነው?

የሎዛኑ፦ ከፍታውን ተዪው። ድርቅ ሲሆን፣ ፎን የሚሉት ነፋስም ሲነሳ፣ ካንቶኑ (የክልሉ አስተዳደር) ደጅ እሳት ይከለክላል። ከሰል አቀጣጥለን ብንያዝ የሚቀጣው ማኅበሩ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቅጣት ከካዝና አይወጣም። የአምናው ድንኳን ራሱ ገና አልተወራረደም።

የዙሪኳ፦ ድንኳኑን ማን አነሳብህ? የገዛሁበትን ደረሰኝ ሰጥቻለሁ፣ ፈልገው።

ሰብሳቢ፦ ተዉ እንጂ። ቡናው ከቤት በፔርሙዝ ይምጣ።

የዙሪኳ፦ በፔርሙዝ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ረከቦቱ ከኔ ቤት ነው፣ ሌላ ፈልጉ።

የጄኔቫው፦ ወደ መስከረም ብናዞረውስ? የሐዋርያት ጾምም ያልፋል።

የበርኗ፦ መስከረም ላይ ሽታውባኽ ይሳሳል። 300 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ከቀረው ገደል ላይ ስለሚወርድ፣ ውሃው ሲያንስ ነፋስ እንደ ጉም በትኖት መሬት ሳይደርስ ይጠፋል። ሰኔ ላይ ግን የበረዶው መቅለጫ ጊዜ ነው። ምግቡን ጾም አድርጉት፣ ሁሉም ይበላዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አላነሳም። ከኢንተርላከን የሚነሳው ባቡር ጽቫይሉትሺነን ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ግሪንደልቫልድ ነው የሚሄደው። ፉርጎው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ የገባ ቤተሰብ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይወርዳል። በየበሩ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። የሕፃን ጋሪ ያላቸው ደግሞ እስከ ሙረን በባቡር አይሂዱ፣ መንገድ ላይ ቪንተርኤግ ጣቢያ ይውረዱ። ከዚያ እስከ ሙረን 40 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ብዙ ዳገት የሌለው የእግር መንገድ ነው፤ ሦስቱም ተራሮች ፊት ለፊት ይታያሉ።

ጸሐፊ፦ በየበሩ የሚቆሙ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ። የባዝሉ፣ ሕፃናቱን የመያዙ ነገር እንዳለ ነው?

ጸሐፊ፦ የባዝሉ?

የሎዛኑ፦ ልጄ፣ ረከቦቱን አታስቀሪብን። እኔ ያልኩት ከሰሉን ነው እንጂ ቡናውን አይደለም። በጋዝ ይሁን።

የዙሪኳ፦ በጋዝ ከሆነ እሺ። ግን ከላይ ነፋስ ነው፣ ጋዙን ያጠፋዋል። ሐይቅ ዳር ይሻላል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ጠዋት ሽታውባኽን አይተን እንመለስ። ብሪየንስ ሐይቅ ዳር እሳት የተፈቀደበት ቦታ ይፈለግ፤ ምሳውም ቡናውም እዚያ። ትሩመልባኽና ሙረን ለከርሞ።

የበርኗ፦ ታዲያ ልጆቹ የሚያዩት አንድ ፏፏቴ ብቻ ሊሆን ነው?

ሰብሳቢ፦ ሐይቁም አለ።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አስተካክዬ ማታ እልካለሁ። በየበሩ የሚቆም አሁንም የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ከትሩመልባኽ መግቢያ የተረፈው ወደ ካዝና ይመለስ።

የዙሪኳ፦ ስኒ ይገዛበት። ያለን 24 ነው፣ እሱም ሁለቱ ጆሯቸው ተሰብሯል።

ገንዘብ ያዥ፦ ዋጋውን ላኪና እናያለን።