ከአርባው በኋላ የሞት ምስክር ወረቀት ማውጣት ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። አባታችን ያረፈው ከሁለት ወር በፊት፣ ደብረ ብርሃን ለሕክምና ተኝቶ ሳለ ነው። ኑሮው መንዝ ነበር፤ ቀብሩም እዚያው ሆነ። በለቅሶው፣ በአርባው፣ በእንግዳው መሃል ወረቀት ያሰበ የለም። አሁን የመሬት ደብተሩን ለማዞር ስንጠይቅ የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ ተባልን። አንድ ዘመዳችን «ሕጉ ሊሻሻል ነው፣ ጠብቁ» ይላል። ልጠብቅ? የትስ ነው የምሄደው?

መላሽ 1፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ። በፍጹም አትጠብቅ። ረቂቅ ረቂቅ ነው፤ ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ አይሠራም። የወሳኝ ኩነት፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ አዋጁ ቁጥር 760/2004 ነው፤ በ2009 ተሻሽሏል። ሞት በ30 ቀን ይመዝገብ ይላል። ቀኑ አለፈ ማለት ግን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ «የዘገየ ምዝገባ» ይሉታል። አባትህ ይኖርበት የነበረው ቀበሌ ሂድና የክብር መዝገብ ሹሙን፣ ማለትም ምዝገባውን የሚሠራውን ሠራተኛ ጠይቅ። አስመዝጋቢዋ በቅድሚያ አብራው የኖረችው እናትህ ናት።

መላሽ 2፦
የሕክምና ተቋሙ የሰጣችሁን የሞት ማሳወቂያ ፈልጉ። መታወቂያውንም ያዙ። ስሙን ደግሞ አደራ! እኛ ቤት ደብተሩ ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው በአንድ ፊደል ተለያይቶ ስንት ወር አመላለሰን። ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡ።

መላሽ 3፦
እኔ እድር ውስጥ አገለግላለሁ። ሐዘንተኛ ብዙ ጊዜ እስከ አርባው ከቤት አይወጣም፣ ሕጉ ግን 30 ቀን ይላል። ሕጉ ይሻሻል ከተባለ በመጀመሪያ ይሄ ቢታይ ደስ ይለኛል። እስከዚያው እኛ ድንኳን ስናፈርስ ለቤተሰቡ «ሞቱን አስመዝግቡ» እንላለን። ሐዘንተኛ ራሱ አያስታውስም፣ ጎረቤት ያስታውስለት።

መላሽ 1፦
አንድ ነገር ልጨምር። የሞት ምስክር ወረቀት መሞቱን እንጂ ወራሹን አይናገርም። ወራሽነቱን የሚያረጋግጥላችሁ ፍርድ ቤት ነው። ደብተሩንም መጀመሪያ ገልጣችሁ እዩት። በአማራ ክልል ብዙ ደብተር የባልና ሚስት የጋራ ነው። የእናትህ ስም ካለበት የእሷ ድርሻ ድሮም የራሷ ነው፣ ውርስ አይደለም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማሳወቂያው እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ በአባቴ ጋቢ ተጠቅልሎ ተገኘ። ደብተሩም ላይ ስሟ አለ። ሰኞ እሷን ይዤ ቀበሌ እሄዳለሁ።