ሦስት ዓይነት እህል ልኬ ኤስኤፒ ላይ አንዱ ብቻ ሦስት ጊዜ ይገባል

የማርቆሱ፦
ሰላም ወገን። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። እህል ከገበሬ ለሚረከብ አንድ ድርጅት ፕሮግራም እሠራለሁ። ሚዛን ላይ ያለው ልጅ በታብሌት ይመዘግባል። የእኔ የፓይተን ፕሮግራም ያንን ይዞ በፓይአርኤፍሲ (ከፓይተን ኤስኤፒን የሚጠራ ላይብረሪ) በኩል ዋናው ቢሮ ያለውን ኤስኤፒ፣ ማለትም የድርጅቱን ሥራና ሂሳብ የሚይዘውን ሲስተም፣ ይጠራል። የሚቀበለው ፈንክሽን እዚያው ቤት የተጻፈ፣ ስሙ በዜድ የሚጀምር ነው።

ያስቸገረኝ አንዱ በአንዱ ውስጥ መሆኑ ነው። ላይ የመኪናው ሰሌዳና ቀኑ አለ። በውስጡ የገበሬዎች ቴብል። በእያንዳንዱ ገበሬ ውስጥ ደግሞ ያስመዘነው የእህል ቴብል።

አንድ ዓይነት ብቻ ያመጣ ገበሬ ሲሆን ፓይተን «ሊስት ነው የምፈልገው» እያለ ይጮህብኛል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጭጭ ብሎ ይቀበላል፣ ግን ጉድ ይሠራኛል። ትናንት ከሉማሜ የመጡ አባት 4 ኩንታል ነጭ ጤፍ፣ 2 ኩንታል ሰርገኛና 1 ኩንታል ስንዴ አስመዘኑ። ኤስኤፒ ላይ ሦስቱም መስመር ስንዴ፣ ሦስቱም 1 ኩንታል። 7 ኩንታል 3 ሆነ ማለት ነው። ሂሳብ ክፍል የሚያፈጠው እኔ ላይ ነው። ኤስኤፒ የራሱ ችግር አለበት እንዴ?

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ ኤስኤፒን ለቀቅ አድርገው፣ ምንም አላጠፋም። እኔም ባህር ዳር ቁጭ ብዬ በዚሁ ነገር ሁለት ቀን ተቃጥያለሁ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ለፓይአርኤፍሲ ስትራክቸር ማለት ዲክሽነሪ ነው። ቴብል ማለት የዲክሽነሪዎች ሊስት ነው። የቱንም ያህል ወደ ውስጥ ብትገባ ሕጉ ያው ነው። ስለዚህ ገበሬው አንድ ዓይነት ቢያመጣም ሊስት ውስጥ አድርገህ ላከው። ምንም ካላመጣ ባዶ ሊስት።

ሁለተኛውን ኮድህን ሳላይ ልገምት። ዲክሽነሪውን ከሉፑ በላይ አንዴ ፈጥረህ፣ ሉፑ ውስጥ እየቀየርክ ሊስቱ ላይ ትጨምረዋለህ፣ አይደል? በአንድ ጆንያ እየሞላህ እየደፋህ ሦስት ጆንያ የጫንክ መስሎህ ነው። መኪናው ላይ የወጣው «ያ ጆንያ» የሚል ሦስት ወረቀት ነው። መጨረሻ ላይ ሲታይ ጆንያው ውስጥ ያለው ስንዴ ነው። ዲክሽነሪውን ሉፑ ውስጥ፣ በየዙሩ አዲስ ፍጠር። የገበሬውን ዲክሽነሪም እንደዚያው፣ አለበለዚያ ነገ የሉማሜው አባት በደጀኑ ሰውዬ ይተካሉ።

የፊልድ ስሞቹን ደግሞ በግምት አትጻፍ። ኤስኢ37 (ኤስኤፒ ውስጥ ፈንክሽኖች የሚታዩበት ስክሪን) የመግባት ፈቃድ ካለህ እዚያ እያንዳንዱን ፊልድ ከነርዝመቱ ታያለህ። ከሌለህ ከፓይተን ሆነህ ጌት ፈንክሽን ዲስክሪፕሽንን ጥራ፣ የውስጥ የውስጡን ሁሉ ይነግርሃል። እኔ ከመላኬ በፊት ዲክሽነሪዬን ከእሱ ጋር ነው የማስተያየው። አንድ ሌላ ነገር፦ እነሱ ስትራክቸሩን ከቀየሩት ፕሮግራምህን አጥፍተህ አስነሳው። የድሮውን ቅርጽ በሜሞሪ ይዞ ይቆያል።

ባለ ባፒ፦
እኔ ግን ይሄ ሁሉ ድርርብ ለምን አስፈለገ ባይ ነኝ። የኤስኤፒን የራሱን የግዢ ትዕዛዝ ባፒ (ለውጭ ፕሮግራሞች ያዘጋጀውን ፈንክሽን) እዩት። ሄደሩ ለብቻ፣ አይተሞቹ ለብቻ፣ የማስረከቢያ ቀኖቹ ለብቻ ጠፍጣፋ ቴብል ናቸው። የሚያያዙት በአይተም ቁጥር ነው። የአባፑን (የኤስኤፒ ፕሮግራም ቋንቋ) ሰው ለምነው፣ እንደዚያ ያድርግልህ።

ጣና ዳር፦
ለአባፑ ሰው ቀላል ይሆናል፣ ለዚህ ልጅ አይሆንም። ጠፍጣፋ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩን አንተ ነህ የምታዛምደው። 00010 ብለህ ጀምረህ አንዱን ካሳትክ የአንዱ ጤፍ ሌላው ቤት ይገባል። ባፒው ላይ ደግሞ «ይሄን ፊልድ ሞልቻለሁ» ለማለት ለየፊልዱ ኤክስ የሚደረግበት ጥንድ ስትራክቸር አለ። እሱን የረሳ ሰው «ዋጋዬን ዋጠብኝ» እያለ ሲያለቅስ አይቻለሁ። (እኔ ነኝ።)

የማርቆሱ፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ! ልክ እንዳልሽው ከሉፑ በላይ ነበር። ወደ ውስጥ አወረድኩት፣ ሦስቱም በየራሳቸው ገቡ።

አሁን ሌላ ነገር አየሁ። ያለፉትን እንደገና ስልክ ሁሉም ሲገቡ የጥቅምት 29ና 30 ርክክቦች ብቻ በቀን ስህተት ይመለሳሉ። የሌላው ወር 29ና 30 ሰላም ነው። የጥቅምት 30ውን 20180230 ብዬ ነው የምልከው።

ጣና ዳር፦
ኧረ በጊዮርጊስ! ታብሌቱ ላይ ያለው የእኛ አቆጣጠር ነው፣ አልቀየርከውም። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ኤስኤፒ የሚያነበው ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ነው። ያ ቀን የለም። 29ኙም በ2018 የለም። የተመለሱት ሁለቱ ቀኖች ደህና ናቸው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የገባው ነው፣ ሁሉም በፈረንጅ 2018 ተመዝግቧል። ጥቅምት 30 መሆን የነበረበት 20251109 ነው።

የማርቆሱ፦
ከመስከረም ጀምሮ ያለው በሙሉ? ሂሳብ ክፍል ገና አላዩትም። ዛሬ ምሳ አልወጣም።