ጥይቱ ውስጡ ቀርቷል! ጠመንጃው የማይረባ ነው?

የጣና ዳር ልጅ፦
ፍጠኑልኝ! አጎቴ በርካሽ የገዛውን ጠመንጃ ልንሞክር ሐይቁ ዳር ወጥተን ነበር። ቃታው ሲሳብ ቀጭ አለና ዝም። ጥይቱ አሁንም ውስጡ ነው። ሻጩ ነገ ወደ ጎንደር ይሄዳል። እንመልስለት?

ጊዮን ማዶ፦
መመለሱ ይቆይ። ጠመንጃው ማንም ወደሌለበት አፈር ይዙር። ወደ ሐይቁ እንዳታዞሩት፤ ታንኳ ላይ ሰው አለ፣ ውሃም ጥይት ያነጥራል። ማቀባበያውንም (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ተንሸራታች ብረት) ቶሎ አትክፈቱ። ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ፊታችሁን አርቃችሁ ክፈቱ።

ፋሲሎ፦
ናፍጣ አፍስሱበት፣ ይለቃል።

አዲስ ዘመን፦
ፈቃዱስ? በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃ ያለ ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ርካሽ ነው ተብሎ እጅ በእጅ የሚገዛ ነገር አይደለም። ነገ ጣጣው ለአጎትህ ነው።

የጣና ዳር ልጅ፦
ፈቃድ አለው ብያለሁ እኮ!

አዲስ ዘመን፦
የት አልክ? ደግሞ የማን ስም ላይ ነው፣ የሻጩ ወይስ የአጎትህ?

ቡና ጠጪው፦
ሻጩ ነገ ከተማ ለቆ ከሄደ ጠመንጃው ሳይሆን ሻጩ ነው የከሸፈው 😂

ባሻ፦
ልጄ፣ የጠመንጃው ዓይነት ምንድን ነው? ቤልጅግ (የቤልጅየም ሥራ የድሮ ጠመንጃ) ነው? ቀ.ኃ.ሥ. (ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) የሚል ምልክት አለበት? ቤልጅግ ከሆነ የጥይቱ ልክ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላ ልክ አስገብታችሁ እንዳይሆን።

ለማንኛውም አንድ ጥይት ስለከሸፈ መሣሪያው አይረባም አይባልም። ጥይቱ ሲወጣ ቂጡን እዩት። መሀሉ ላይ ያለችው ክብ በደንብ ከጎደጎደች ጥይቱን የሚመታው መርፌ ሥራውን ሠርቷል፤ ያረጀው ጥይቱ ነው። ጭረት ብቻ ከሆነ ግን ወይ የመርፌው ስፕሪንግ ደክሟል፣ ወይ ማቀባበያው ውስጥ የቆየ ቅባት ደርቋል። ቅባቱ ይጸዳል። ስፕሪንጉም ይቀየራል። ያንን ጥይት መልሳችሁ እንዳትሞክሩት።

ዋናው ሌላ ነው። ማቀባበያው ላይና አካሉ ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከቱ። ካልገጠመ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ማቀባበያ ነው። ጥይቱን በልኩ ካልያዘው ቀለሁ ተቀዶ ጋዙ ፊት ላይ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ባለሙያ ሳይለካው አትተኩሱ። ቀጥሎ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፣ ማቀባበያውን አውጡና ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን እዩ። ጥምዝምዝ መስመሮቹ ጥርት ብለው ካልታዩ፣ ዝገት ቆርጥሟቸው ከሆነ፣ በነጻም አትውሰዱት። በአሮጌ ጥይት ተተኩሶበት ሳይታጠብ የተቀመጠ ጠመንጃ ቶሎ ይዝጋል፤ የጣና ዳር እርጥበት ደግሞ ያግዘዋል።

ፋሲሎ፦
እኔም ያልኩት ናፍጣ ነው፣ ቅባቱን ያጥባል።

ባሻ፦
ጥይት እያለበት አይደለም! ማቀባበያው ወጥቶ ለብቻው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ስስ ዘይት። ልጄ፣ ከፈታችሁት?

ጊዮን ማዶ፦
ጠያቂው ጠፋ። ቁጥሩ ገጠመ ወይስ አልገጠመም?