የቻይና ግንብ ጠቀመ ወይስ ሕዝብ አስጨረሰ?

የሸገር ልጅ፦ እስቲ በዚህ እንከራከር። ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት የቻይና ግንብ ምን ፈየደ? ጄንጊስ ካን ገባ። ከሰሜን ምሥራቅ የመጡት ማንቹዎችም በ1644 ገብተው እስከ 1912 ገዙ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) ጠላት ካላስቆመ ምኑን ግንብ ሆነ? ለእኔ ገዢዎች በድሃ ጫንቃ ላይ ስማቸውን ያስጠሩበት ነው።

ጋሼ መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የትኛውን ግንብ እንደምትከስ እንለይ። ከቤጂንግ በላይ በተራራው ጫፍ ላይ የሚሄደው፣ ሁላችንም በፎቶ የምናውቀው የጡብና የድንጋይ ግንብ የሚንግ ዘመን ሥራ ነው። ሚንጎች የነገሡት ከ1368 እስከ 1644 ነው። ጄንጊስ ካን በ1211 ሲዘምት ይህ ግንብ የት ነበረና ይለፈው? የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 አገሩን አንድ ካደረገ በኋላ ጄኔራል ሜንግ ትየንን ልኮ ያሠራው ደግሞ አብዛኛው የተጠቀጠቀ አፈር ነበር።

የወሎዋ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አፈርም ይሁን ጡብ የተሸከመው ገበሬ፣ ወታደርና እስረኛ ነው። ቻይናዎቹ ራሳቸው ሜንግ ጂያንግ ስለምትባል ሴት ይተርካሉ። ግንብ ሥራ ለተወሰደ ባሏ የብርድ ልብስ ይዛ ያን ሁሉ መንገድ ትሄዳለች፣ ስትደርስ ሞቶ ተቀብሯል፣ ስታለቅስ ግንቡ ተንዶ አፅሙ ይወጣል። ተረት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሕዝብ ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ይህን ለልጁ ሲነግር የኖረው ያለ ምክንያት ነው?

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ የሰዉ ስቃይ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ግንቡ ለብቻው ሠራዊት እንዲያቆም የተሠራ አይደለም። ሥራው ፈረሰኛውን ማዘግየት፣ ዘርፎ ከብት እየነዳ በቀላሉ እንዳይወጣ ማድረግና ወሬውን ቶሎ ማድረስ ነው። በሚንግ ደንብ አንድ ጭስና አንድ ተኩስ እስከ መቶ ጠላት፣ ሁለት ጭስና ሁለት ተኩስ እስከ አምስት መቶ፣ ሦስት ሲሆን ከሺህ በላይ መጣ ማለት ነው። ሌሊት በጭሱ ፈንታ እሳት ይነድዳል። ጄኔራል ቺ ጂጉዋንግ ደግሞ ከ1568 ጀምሮ ከሺህ በላይ ማማ አሠራ። ከዚያ በፊት ጠባቂው ብርድና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ሜዳ ላይ ነበር የሚቆመው። ማማው ሲሠራ ከነስንቁና ከነመሣሪያው ውስጥ ማደር ጀመረ።

የሸገር ልጅ፦ እሺ፣ የሚንጉን ብቻ እንውሰድ። በ1550 የሞንጎሉ መሪ አልታን ካን ቤጂንግ ደጅ ድረስ ደርሶ ዙሪያዋን አቃጠለ። በ1629 ማንቹዎች ዋናውን በር ትተው በሌላ በኩል ዞረው ገቡ። ይኸው!

ጋሼ መምህር፦ በ1644 ሻንሃይጓን የሚባለውን በር ግን ማንም አልሰበረውም። ዓመፀኛው ሊ ዚቼንግ ቤጂንግን ያዘ፣ ንጉሡ ራሱን ሰቀለ፣ የበሩ አዛዥ ዉ ሳንጉዊ ከማንቹዎች ጋር ተስማምቶ ከፈተላቸው። አገሩ ከውስጥ ከፈረሰ ጡብ ምን ያድርግ? የ1550ውም ቢሆን መነሻ አለው። አልታን ካን ገበያ ክፈቱልኝ እያለ ሲለምን ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ እምቢ ብሎ በ1542 መልእክተኛውን ገደለበት። በ1571 ማዕረግ ሰጥተው ድንበር ላይ ገበያ ሲከፍቱለት፣ ፈረስ በጨርቅና በእህል ሲለወጥ፣ በእሱ በኩል ያለው ወረራ በረደ።

የወሎዋ፦ እንግዲያው ነገሬን እርስዎው ጨረሱልኝ። ሠላሳ ዓመት ያቃጠላቸውን እሳት ያበረደው ገበያ ነው። ያ ገበያ ያኔውኑ ቢፈቀድ ኖሮ የእነ ቺ ጂጉዋንግ ማማ ሁሉ ለምን ያስፈልግ ነበር? መሐንዲሱ ይመልስልኝ።

መሐንዲሱ፦ ያስፈልግ ነበር። በ1571 የታረቀው አልታን ካንና የእሱ ወገን እንጂ ሞንጎል ሁሉ አይደለም። የምሥራቆቹ ስምምነቱ ውስጥ አልገቡም፣ ከዚያም በኋላ መውረራቸውን አልተዉም። ቺ ጂጉዋንግ የተመደበው ደግሞ በእነሱ አቅጣጫ፣ ቤጂንግን በምሥራቅ በኩል በሚጠብቀው ክፍል ነው። ገበያው ምዕራቡን ሲያበርድ ይሄኛውን ጎን ማን ሊይዘው ነበር?