የጣና ውሃዬ አልሆን አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወዳጆች። ጣና ላይ የሚቀዘፍ የደንገል ታንኳ ትንሽ ሞዴል በ1፡35 ልኬት (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ) እየሠራሁ ነው። ታንኳውን ከደረቅ ሣር ጠፍሬ ጨርሻለሁ፤ በጣም አምሮልኛል። ያቃተኝ ውሃው ነው።

ውሃ ለማስመሰል ኢፖክሲ ሬዚኑን (ፈስሶ የሚጠነክር ግልጽ ፕላስቲክ) 2 ሴንቲሜትር ያህል በአንዴ አፈሰስኩት። ጋለ። ከሣሩ የወጣው አየር አረፋ እንደሆነ ደረቀ። በታንኳው ጎን ሬዚኑ ወደ ላይ ተስቦ ቀርቷል። ላዩ ደግሞ እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነው። ጣና እንዲህ አይደለም! በክረምት ደለል ገብቶበት ቡናማ ይሆናል፤ ከታንኳው ኋላም ሞገዱ ግራና ቀኝ ይከፈታል።

አሁን እንደገና ልጀምር ነው፤ በስሱ እየደረብኩ። ደለሉን በምን ላምጣው፣ በአክሪሊክ ቀለም ወይስ በተነፋ አፈር? ሣሩን ቀድሜ ቫርኒሽ ብቀባው አረፋው ይቀራል? ሞገዱንስ በአክሪሊክ ጄል (ቅርጹን ይዞ በሚደርቅ ወፍራም ቅባት) የሠራችሁ አላችሁ? ታንኳው ለአባቴ ነው። ልጅ እያለ ዘጌ ላይ ይቀዝፍ ነበር።