የቻይንኛ ክበባችን እንዳይዘጋ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዱከም ባለ አንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን እዚሁ በመሆኑ የብዙ ተማሪዎቼ ወላጆች ከቻይናውያን ጋር ይሠራሉ፤ የሚግባቡት ግን በምልክት ነው። የቻይንኛ ክበብ የጀመርነውም ለዚህ ነበር። ታስተምር የነበረችው ቻይናዊት ጊዜዋን ጨርሳ አገሯ ስትገባ 32 ልጆች እጄ ላይ ቀሩ።

እኔ የማውቀው ከእሷ የቃረምኩትን ብቻ ነው። በጣም ያስቸገረኝ ቃናው ነው። «ማ» እንደ ድምፁ አወጣጥ እናትም፣ ፈረስም፣ መሳደብም ይሆናል። እኛ «አለ»ን በማጥበቅና በማላላት እንደምንለየው በሉት ስላቸው ይገባቸዋል፤ አፋቸው ግን እሺ አይልም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ «እናት» የሚለውን ፊደል ሰሌዳ ላይ ጻፈች፤ በግራ ሴት፣ በቀኝ ፈረስ። ጠመኔውን እንደያዘች ዞር ብላ «ቲቸር፣ እናት ውስጥ ፈረስ ምን ይሠራል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፈረሱ ድምፁን ብቻ እንደሚጠቁም ያወቅሁት ማታ ስልኬን ስጎረጉር ነው። እንዲህ የሚጠይቁ ልጆችን መበተን አንጀቴ አልቻለም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት የተማራችሁ ካላችሁ፦ ቃናውን ለልጆች እንዴት ታለማምዳላችሁ? ፊደሉን ላስቀድም ወይስ በላቲን የሚጻፈውን ፒንዪን? በወር አንድ ቅዳሜ ብቅ የሚልልን ቢገኝ ደግሞ ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ። በጥር ወይም በየካቲት የሚውለውን የቻይና አዲስ ዓመትም አብረን እናከብር ነበር። ያገለገለ መጽሐፍ ያላችሁም ባላችሁበት መጥቼ እወስዳለሁ።