ለባይፖላር ሕመም የእጅ ሰዓትና የስልክ መተግበሪያ ምን ያህል ይረዳሉ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሣበት፣ አንዴ ደግሞ በድባቴ የሚወድቅበት ሕመም) እንዳለብኝ ከታወቀ ቆይቷል፤ ሊቲየም የተባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ክትትሌንም አላቋረጥኩም። በቅርቡ አሜሪካ ያለችው እኅቴ እንቅልፍን፣ የልብ ምትንና እርምጃን የሚመዘግብ ስማርት ሰዓት ላከችልኝ፤ ስሜቴን በየዕለቱ የምሞላበት መተግበሪያም ስልኬ ላይ ጫንኩ። ሐኪሜን የማገኘው በየሦስት ወሩ በመሆኑ በመካከሉ የሆነውን ለማስታወስ ይረዳኛል ብዬ ነበር። ይሁንና አሁን ዓይኔን እንደገለጥኩ የማየው ቁጥሩን ሆኗል፤ «ጥልቅ እንቅልፍዎ አንሷል» ካለኝ ሕመሙ ሊነሣብኝ ነው እያልኩ ስሰጋ እውላለሁ። እኅቴ ደግሞ መረጃው ለእርሷም እንዲደርሳት ትፈልጋለች። የትኛውን ልመን፣ ለማንስ ላሳይ?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
«ጥልቅ እንቅልፍ» የሚለውን ይተዉት። የእንቅልፍ ደረጃ በትክክል የሚለየው ራስ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የአንጎል ሞገድ ሲነበብ ነው፤ ሰዓቱ ግን ከእጅ እንቅስቃሴና ከልብ ምት ተነሥቶ ይገምታል። ለእርስዎ የሚጠቅመው የተኙበትና የተነሡበት ሰዓት፣ እንዲሁም ይህ ከራስዎ ልማድ ምን ያህል እንደራቀ ማየቱ ነው። ማኅሌት ቆሞ ወይም ለቅሶ ቤት አምሽቶ ሦስት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው በማግስቱ ይደክመዋል፤ ማኒያ፣ ማለትም ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚነሣበት የሕመሙ ገጽታ፣ የጀመረው ሰው ግን ያንኑ ያህል ተኝቶ ድካም የሚባል ሳይሰማው፣ እንዲያውም ከወትሮው በርትቶ ይነሣል። ሰዓቱ ሁለቱን መለየት ስለማይችል «ለምን አነሰ? ደክሞኛል ወይ?» የሚለውን በአንድ መስመር ራስዎ ይጻፉት። ኮፐንሃገን ውስጥ ሞናርካ በተባለ ፕሮጀክት ሕሙማን በየዕለቱ ስሜታቸውን በስልክ እንዲመዘግቡ ተደርጎ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው ግን ምዝገባው በጥቅሉ የማኒያንም ሆነ የድባቴን ምልክት ከንጽጽር ቡድኑ ይልቅ አልቀነሰም። ስለዚህ መዝገቡን ለሐኪምዎ እንደሚቀርብ ማስረጃ እንጂ እንደ ሕክምና አይቁጠሩት።

ከሕመሙ ጋር የምኖር፦
እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ማኒያ ሲጀምረኝ ሌሊቱን ሙሉ ቤት ሳስተካክልና ስንጎራደድ የቆጠረው ሰዓቴ «እንኳን ደስ አለዎት፣ የዕለቱን ግብ አልፈዋል!» ብሎ ርችት ተኮሰልኝ፤ እኔም ጤንነቴን የመሰከረልኝ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ የእርምጃ ግቡንና የጠዋት መልእክቶቹን አጥፍቼ መዝገቡን በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አየዋለሁ። ሳይደክመኝ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከአምስት ሰዓት በታች ከተኛሁ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድደውል ከሐኪሜ ጋር ተስማምተን በወረቀት ጽፈነዋል። የእርስዎን ቁጥር ሐኪምዎ ይወስኑት፤ ቁጥሩ ከተወሰነው ሲያልፍ ወይም ሲያንስ ምን እንደሚደረግ ያልተወሰነለት መዝገብ ግን ከማስጨነቅ በቀር ፋይዳው አይታየኝም።

ታማሚ ወንድም ያላት፦
እኅትዎን እረዳታለሁ፤ ሩቅ ሆኖ መጨነቅ ከባድ ነው። እኛ ቤት ግን ያለ ውል ስለተጀመረ፣ በስልክ «ትናንት ለምን አልተኛህም?» እያልን ስንነዘንዘው ወንድሜ ሰዓቱን አውልቆ ወረወረው። በኋላ ደኅና በነበረ ጊዜ ተቀምጠን ተነጋገርን፤ እኔ የማየው ጠቅላላ የእንቅልፍ ሰዓቱን ብቻ ሲሆን፣ ስለ ስሜቱ የሚጽፈው ለእርሱና ለሐኪሙ ይቀራል። መተግበሪያው የይለፍ ቃል የሚቀበል መሆኑንም ያረጋግጡ፤ የቤተሰብ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራልና።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
አንድ ልጨምር። ሰዓቱ የሊቲየምን መጠን አያውቅም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲኖር፣ ውኃ ሳይጠጡ በሚዋልበት ጾምም ጭምር፣ መጠኑ በደም ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል፤ ይህን የሚያሳየው የደም ምርመራ ብቻ ነው። እጅዎ ከወትሮው በላይ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሲራመዱ ከተንገዳገዱ የሰዓቱን ቁጥር ሳይመለከቱ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።